የልዑሉ ግብዣ ጀርባ

በኢስፋሃን ገበያ ሳጥን የሚገዛ ሰው የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው። ልዑሉ ትራስ ተደግፎ፣ ቀጂዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጽዋ ስታቀብለው፣ ከኋላ ባለሟሎቹ በፈረስ ሚዳቋ ሲያባርሩ ያይና አፉን ይከፍታል። ያን ሁሉ ግብዣ የተሸከመው የአሮጌ ወረቀት ድርብርብ መሆኑ ትዝም አይለው። ድርብርቡን የምሠራው እኔ ሙሳየብ ነኝ። የእንጨቱን ቅርጽ ሳሙና እቀባለሁ፤ ወረቀቱን በስንዴ ሙጫ እያጣበቅሁ ሃያ ጊዜ እደርብበታለሁ፤ አደርቀዋለሁ፣ አለሰልሰዋለሁ። ከዚያ ሠዓሊው ይወስድና የራሱን ስም ይጽፍበታል። የእኔ ስም ያለበት ሳጥን እስካሁን አላየሁም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው።

ወረቀቱን ከየቤቱ እገዛለሁ። ከኖውሩዝ፣ ከአዲስ ዓመታችን በፊት ሴቶቹ ቤታቸውን ከላይ እስከ ታች ገልብጠው ሲያጸዱ የጸሐፊ ረቂቅ፣ የተማሪ መልመጃ፣ የሟች ደብዳቤ በየጆንያው ይመጣልኛል። የሙያችን ሕግ ግን ጥብቅ ነው። የተጻፈበት ወረቀት ሳይታጠብ ሙጫ አይነካውም። የአላህ ስም የሌለበት ጽሑፍ አይገኝምና ቦይ ወርደን እንነክረዋለን፤ ቀለሙ ከወራጁ ጋር ይሄዳል፤ እኛ ባዶውን ወረቀት ይዘን እንመለሳለን። ይህን የማያደርግ ሰው የሠራውን ሳጥን ሃይማኖት ያለው ሰው በእጁ አይነካም።

የዚያን ዓመት ብርዱ አልለቅ ብሎ ቦዩ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞ ነበር። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ይደሙ ነበር። እናም አንዱን ጆንያ ሳላጥብ ሠራሁበት። አንዱን ብቻ። ማን ያያል ብዬ።

በበጋው መጀመሪያ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ቀጭን ናቸው፤ ሲቆሙ ግን በሩ የጠበበ ይመስላል።

«ሙሳየብ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ቢቢ። ወረቀት አምጥተው ነው?»

«ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ቢቢ ጎላንዳም ነበሩ፤ መስጊዱ በር ላይ ተቀምጦ ለሰው ደብዳቤ ይጽፍ የነበረው የሟቹ የሚርዛ ሸሪፍ ሚስት። ታሪኩን አንድም ቃል ሳያባክኑ ነገሩኝ። ባላቸው ሊሞት ሲል ሁለት ጆንያ ረቂቅ አሳይቷቸው፣ «ይኼኛውን ጠብቂ፤ የቤቱ ውል ውስጡ ነው፤ ሌባ ረቂቅ አይሰርቅም» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ለኖውሩዝ ቤት ሲያጸዱ አንዱን ጆንያ ሸጡልኝ፤ ሌላውን ጓዳ ቆለፉበት።

«የጠበቅሁት የማይረባውን ነው» አሉ። «ሦስት ወር ሙሉ፣ የጓዳውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ።»

አሁን የባላቸው ወንድም ሐጂ ዘማን ከካሻን መጥቶ «ቤቱ የአባታችን ነው፣ ይልቀቁ» እያለ ነው። ሚርዛ ሸሪፍ ግን ቤቱን ሲያገባቸው በመህር፣ የሙሽራዋ ጥሎሽ አድርጎ ሰጥቷቸው፣ አስጽፎ፣ ምስክሮቹን ማኅተም አስመትቶ ነበር። ምስክሮቹ አንድ ሳይቀሩ ሞተዋል። ቃዲው የሰጧቸው ጊዜ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውሉ ከቀረበ ቤቱ የእሳቸው፣ ካልቀረበ መንገድ ላይ ናቸው።

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው?» አልኩ።

«ወፍራም። አናቱ ላይ ሰማያዊና ወርቅ አለበት። በጎኑ ሰባት ክብ ማኅተም። የሠርጌ ቀን አይቼዋለሁ። ባላነብ፣ ዓይን አለኝ።»

እንዴት እረሳዋለሁ። እንደዚያ ያለ ወረቀት በዓመት አንዴ እንኳ እጄ አይገባም። ለስላሳ ስለሆነ የማለስለሱን ድካም ይቀንስልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳልቆርጠው፣ የአንድ ትልቅ የሙሽራ ሳጥን ክዳን ላይ የመጨረሻው ድርብ አደረግሁት። ጽሑፉን ወደ ውስጥ፣ ባዶውን ጀርባ ወደ ውጭ። ሳጥኑን ሠዓሊው ኡስታ በህራም ወሰደው፤ ነጭ ምርግ ቀባው፤ በላዩ ላይ የልዑል ግብዣ ሣለበት፤ ቫርኒሽ አለበሰው። የታብሪዝ ነጋዴ ለልጁ ሠርግ ያዘዘው ነው።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ቢቢ፣ ገብቶበት እንኳ ቢሆን ታጥቧል። እኛ ሁሉንም እናጥባለን። ባዶ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«የት ነው ያለው?»

«ኡስታ በህራም ዘንድ፣ ክዳን ሆኖ። ተሥሎበታል እኮ።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። የሄዱት ወደ ቤታቸው መስሎኝ ነበር።

ኡስታ በህራምን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በአንድ ሰፈር አብረን አፈር ፈጭተናል። እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ እሾህ። ፊት ለመሣል የሚጠቀምበትን ብሩሽ ከነጭ ድመቱ አንገት ጸጉር እየነቀለ ራሱ ይሠራል፤ ድመቷ እሱን ስታይ ጣራ ላይ ትወጣለች። የዚያን ክዳን ልዑል ፊት ብቻ ሲሥል ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር፤ ደግሞም ነበር።

በነጋታው ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሱቄ ገብቶ በርጩማዬን ረገጠ።

«ያችን ሴትዮ አንተ ነህ የላክብኝ?»

«ማንን?»

«ሞኝ አትሁን። ከትናንት ጀምሮ በሬ ላይ ነጠላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዳቦና አይብ ይዛ ነው የመጣችው፣ ለከበባ እንደመጣ ወታደር። አታለቅስ፣ አትጮህ። ደንበኛ በገባ ቁጥር በጣቷ ክዳኑን እያሳየች፣ ‹ቤቴ እዚያ ውስጥ ነው› ትላለች። ሦስት ሰው ሳይገዛ ወጣ።»

«አንተ ምን አልካት?»

«ዘጠኝ ቀን የሣልኩትን ፊት ለባዶ ወረቀት አልሰብርም አልኳት። ‹አንተ ዘጠኝ ቀን፣ እኔ አርባ ሁለት ዓመት› አለችኝ። ምን ይባላል? ና፣ አንተ ንገራት። በሕጉ መሠረት አጥቤዋለሁ፣ አንድ ፊደል የለበትም በላት። ከአንተ ከሰማች ትሄዳለች።»

አብሬው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ቃሉን ስለማመድ ነበር፤ አጭር ነው፣ ለመናገር አይከብድም። «ታጥቧል» ማለት ነው፤ ትናንት ብያቸው አልነበር? ሁለተኛ ማለት ምን ያቅታል?

ቢቢ ጎላንዳም ከበሩ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ሳያስደግፉ ተቀምጠዋል። ፀሐዩ ጥላውን በልቶ ጉልበታቸው ላይ ደርሷል። ቀና ብለው አዩኝ። ንዴት የለባቸውም። ያንን ነው ያልቻልኩት።

«ታጠበ ወይስ አልታጠበም?» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ ንገረኝ። ከታጠበ ተነሥቼ ዕቃዬን ልጠቅልል።»

ኡስታ በክርኑ ጎሸመኝ። እኔም፣ «አልታጠበም» አልኩ።

«ምን?» አለ ኡስታ።

«በረዶ ነበር። ያን ጆንያ ሳላጥብ ነው የሠራሁበት። ጽሑፉ እንዳለ አለ። አናቱ ላይ ያለው ቢስሚላህም ጭምር።»

ኡስታ በህራም ፊቱ አመድ መሰለ። ክዳኑን አየው፤ ልዑሉ ተጋድሟል፣ ቀጂዋ ጽዋውን ሞልታ ይዛለች፣ ወይኑ ቀይ ሆኖ ያበራል። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የወይን ግብዣ የሣልኩት በቢስሚላህ ጀርባ ላይ ነው?»

«አዎ።»

በጥፊ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ተመለሰና ክዳኑን ከማጠፊያው ነቀለው። «ከእንግዲህ ከአንተ አንድ ሳጥን አልቀበልም» አለኝ። «ግን ይህን የሠራኸው አንተ ነህ፣ የምትፈታውም አንተ ነህ። ሥዕሉን ልፋቀው?»

ዘጠኝ ቀን የለፋበትን ፊት ሊፍቅ ቢላዋ አንሥቶ ነበር። እጁን ያዝኩት። «ጽሑፉ በውስጥ በኩል ነው» አልኩት። «ከሥር ነው የምንሄደው። ግብዣህን አልነካብህም።»

የዚያን ቀንና ዓርብን ሙሉ ሠራን። ክዳኑን በሐር ጨርቅ በተሸፈነ ትራስ ላይ በሥዕሉ ደፋነው፤ ኡስታ ሁለት ጎኑን ያዘ፤ እኔ በስለታም ቢላዋ ከውስጥ በኩል ድርቡን አንድ በአንድ መላጥ ጀመርኩ። ውኃ መጠቀም አይቻልም፤ ውኃ የነካው ቀለም ይሄዳል፣ ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በደረቁ ነው። ሙጫዬ ጠንካራ ነው ብዬ ዕድሜ ልኬን ስኮራበት ኖሬ፣ ያን ቀን ረገምኩት።

ቢቢ ጎላንዳም ከአጠገባችን አልተነሡም። ድርቡን እኔ ስልጥ እሳቸው ይቆጥሩ ነበር። በአሥራ አንደኛው ላይ ቢላዋው አዳልጦኝ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው አሰሩልኝና፣ «አሥራ ሁለት» አሉ። በቃ። አይዞህም አላሉኝ።

የመጨረሻዋ ገጽ ከውሉ ጋር ፊት ለፊት የተጣበቀች ናት። እሷን በቢላዋ ከነካሁ ፊደሉን እቆርጠዋለሁ። ጨርቅ አሙቄ፣ በጣም ጥቂት እርጥበት አስይዤ፣ በጀርባዋ አሳረፍኩና ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ከጥግ መሳብ ጀመርኩ። ሰማያዊው ታየ። ወርቁ ታየ። ቢስሚላህ ታየ፤ ኡስታ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ አንድ ማኅተም፣ ሁለተኛ። በሦስተኛው መስመር ላይ ግን ሙጫው በዝቶ ኖሮ ቀለሙ ከውሉ ለቆ ከምስባት ገጽ ጋር መጣ። መስመሩ እንዳለ ሄደ። በቦታው ባዶ ወረቀት ቀረ።

«ምንድነው?» አሉ ቢቢ።

«ሦስተኛው መስመር የለም።»

«ሌላው አለ?»

«አለ።»

«ጨርሰው።»

ጨረስኩት። ልክ ስንለቀው ወረቀቱ ከሥሩ ደጋፊ አጥቶ ትንሽ ታጠፈ፤ ከሥዕሉ ወገን እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ኡስታ ገለበጠው። ቫርኒሹ ተሰንጥቆ ስንጥቁ ከልዑሉ ግንባር እስከ አገጩ ወርዷል። ኡስታ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው። «እኔም አርጅቻለሁ» አለ። እኔ ግን ልቤ ተሰበረ፤ ምንም ቢሆን እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አልተሣለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ቃዲው ቤት ገባን። ሐጂ ዘማን ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ አዲስ ካባ ለብሶ ቀድሞን ተቀምጧል። ቃዲው ውሉን ተቀብለው ሲያነብቡ ጀርባው ወደሱ ዞረ፤ ልዑሉ፣ ቀጂዋ፣ ባለሟሎቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አዩት።

«ጌታዬ ቃዲ» አለ ሐጂ፣ «ይህ ውል ነው ወይስ የመጠጥ ቤት በር?»

«እያነበብኩ ነው፣ ዝም በል» አሉ ቃዲው። አነበቡ። ማኅተሞቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «የቤቱ ስምና የስጦታው ቃል መኖር ያለበት እዚህ ነው። ባዶ ነው።»

ሐጂ ዘማን ዘና ብሎ ተቀመጠ። «የሌለ መስመር ቤት አይሰጥም» አለ። «ለሴትየዋ አዝናለሁ። እንዲያውም የአንድ ሳምንት ጊዜ ልጨምርላቸው።»

ያቺ «ልጨምርላቸው» የምትለዋ ቃል አንጀቴን አቃጠለችው። እጄን ልብሴ ውስጥ ከትቼ የላጥኳትን የመጨረሻ ገጽ አወጣሁ። ማታ አልጣልኳትም። በጀርባዋ ሌላ ሰው የጻፈው የእህል ደብዳቤ አለባት፤ በፊቷ ግን ከውሉ ተላቆ የመጣው መስመር፣ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱን ትቶ ተገልብጦ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተጣብቋል።

«ጌታዬ፣ መስመሩ አልጠፋም። እዚህ ነው ያለው። የተገለበጠ ነው።»

ቃዲው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይህንን ማን ያነባል? የኋሊት ነው።»

ኡስታ በህራም ወደ ፊት ወጣ። ከቀበቶው ውስጥ ለሽያጭ የያዘውን የኪስ መስተዋት አወጣ፤ ማኅደሩ የራሱ ሥራ ነው፣ ክዳኑ ላይ ጽጌረዳና ወፍ አለበት። ከፈተውና በወረቀቱ ፊት ያዘው። መስተዋቱ ውስጥ መስመሩ ተስተካክሎ ቆመ። ቃዲው ጎንበስ ብለው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«‹በቦዩ ዳር ያለው ቤት፣ ከበለስ ዛፉ፣ ከጉድጓዱና ከሁለቱ ክፍል ጋር፣ የጎላንዳም ነው፤ ወንድምም ሆነ የወንድም ልጅ አያስነሣትም›።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ዘማን ዞረ። እሱ ጫማውን እየፈለገ ነበር።

ቃዲው ፈረዱ፤ ማኅተማቸውን መቱ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «ይህ ወረቀት እንዴት ሳይታጠብ ቀረ?»

ሃያ ሰው ፊት ነገርኳቸው። ሳይመሽ ገበያው ሁሉ እንደሚሰማው አውቄ ነገርኳቸው።

«ስንፍናዬ ቤት አዳነ ብለህ እንዳትኩራራ» አሉኝ። «ያዳነው የእኚህ ሴት አለመነሣት ነው። አንተ ሂድና የቀረውን እጠብ።»

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሠዓሊ ሱቄን አልረገጠም። ጓደኞቼ ሰላምታ ሲሰጡኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጉ ነበር። በየጠዋቱ ሰው በሚያየኝ ቦታ ቦዩ ውስጥ ቆሜ አጠብኩ። በመጨረሻ ኡስታ በህራም መጥቶ ዳሩ ላይ ተቀመጠና አንድ ሰዓት ያህል አየኝ፤ «ያኛውን ጥግ አላገኘኸውም» እያለ። ከዚያ ለታብሪዙ ነጋዴ የሚሆን ሳጥን እንድሠራ አዘዘኝ። በአርባ ቀን ውስጥ ሌላ ግብዣ ሣለበት፤ የዚያኛውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ነጋዴው «እንዲህ ያለ ውበት ከዚህ በፊት አላየሁም» ብሎ ጻፈለት። ኡስታ ያን ደብዳቤ ለእኔ አመጣልኝ፣ አጥበህ ሥራበት ብሎ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን፣ «የቢቢን ቤት እናየው» አለኝ። ብሩሾቹንና ቀለሙን ይዟል። የልዑሉን ፊት ስንጥቅ ሊጠግን ነው የመጣው፤ አልነገረኝም፣ ግን ድመቱ ሰሞኑን ጣራ ላይ ነበረች። ቢቢ ጎላንዳም በለሱ ሥር ሻይ አቀረቡልን፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡን። ውሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጽሑፉ ወደኛ፣ ልዑሉ ወደ ግድግዳው።

ኡስታ ቀለሙን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሕይወቱ ታላቅ ሥራ የጭቃ ግድግዳ ሲያይ እንደሚውል ገብቶታል። ስለ ስንጥቁ ምንም ሳይናገር ወደ ጽሑፉ ተጠጋና ባዶው ቦታ ላይ ቆመ።

«ቢቢ» አለ፣ «ይህን መስመር ልሙላልዎት? ቃሉ ያው ከዚያኛው ገጽ አለ፤ ልክ የባለቤትዎን እጅ አስመስዬ እጽፈዋለሁ። ማንም አይለየውም።»

«ተወው» አሉ።

«ባዶ እኮ ነው።»

ወረቀቱን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ማንበብ የማይችሉት ሴት፣ ጣታቸውን ምንም ፊደል በሌለበት በዚያ ቦታ ላይ አሳርፈው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተቱ፣ ቤቱንም፣ በለሱንም፣ ጉድጓዱንም፣ ሁለቱን ክፍልም አንድ ሳይስቱ እስከ መጨረሻው አሉት። ከዚያ ተነሥተው ልዑሉን ወደ ግድግዳው አዙረው መልሰው ሰቀሉት።